ጾም ነው በይኝ

እፀገነት የላስቲኩን አፍ በመጋዝ ምላጭ ላይ አጥፋ የሻማውን ነበልባል ከዳር እስከ ዳር አሳለፈችበት። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ የማሸጊያው ማሽን ሸራ ለብሶ ጥግ ይዟል። በሻማ ማሸግ ልክ ይፈልጋል። እጅ ከፈጠነ አፉ አይገጥምም፤ ከዘገየ ላስቲኩ ጠቁሮ ይሸበሸባል። ጨርሳ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ሞከረችው። ትንፋሽ አላስወጣም። ከታሸጉት አጠገብ አስተኛችው። ፓኬቱ ላይ ኳስ የሚለጋ ጎረምሳ ተስሏል፤ ከበላዩ «ቆፍጣና በሶ»፣ ከበታቹ በደቃቅ ፊደል «የጾም» ይላል።

ኮከቤ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ በጣሳ እየሰፈረች ላስቲኮቹን ትሞላለች። አስነጠሳትና ፊቷን ወደ ትከሻዋ አዞረች።

«ይማርሽ።»

«ያኑርሽ። የእናቴ በሶ አንድ ቀን እንኳ አስነጥሶኝ አያውቅም።»

«የእናትሽን በሶ በአፍንጫሽ አልሳብሽውማ።»

«ሳቂ አንቺ። ቀኑን ሙሉ በሶ ስሰፍር ውዬ ቤቴ ስገባ በሶ በሶ አልልም፤ ሕፃን ልጅ ሕፃን ልጅ ነው የምለው። ትናንት ባሌ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹የማንን ልጅ አቅፈሽ ዋልሽ?›»

እፀገነት ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ፤ እሷንም የሸተታት ይኸው ነበር። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ደግሞ ሽታው የባሰ መሰላት።

የሚሠሩበት ሼድ መሐል ሜዳ ከተማ ዳር የቆመ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። አቶ ኃይለ ኢየሱስ የሚባሉ ነጋዴ ተከራይተውታል። መንዝ ገብስ ቸግሮት አያውቅም፤ በየቤቱ ይቆላል፣ በየቤቱ ይፈጫል። እዚህ ግን በሶው ተፈጭቶ፣ በማዳበሪያ ታስሮ፣ ከሌላ አገር በጭነት መኪና ይመጣል። ይህ ብቻውን ሰውን ያጠራጥር ነበር። «ለቀባሪው አረዱት፣ ለመንዜው በሶ አመጡለት» ይሉ ነበር ጠላ ቤት።

ከበሶው ጋር ሌላ ማዳበሪያ ይመጣል። ነጭና ወፍራም ነው፤ ላዩ ላይ የነበረው ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ተደልዟል። እሱን የሚነካው በዕውቀቱ ብቻ ነው። በዕውቀቱ የሼዱ ኃላፊ ነው፤ ከአቶ ኃይለ ኢየሱስ ጋር ከደብረ ብርሃን መጣ። ጠዋት ጠዋት ከሳንቃው ግርዶሽ ጀርባ ብቻውን ይደባልቃል፤ ሲጨርስ ባዶውን ነጭ ማዳበሪያ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ይወጣል። ኮከቤ ለገብስ መያዣ እንዲሰጣት አንድ ቀን ለምናው ነበር። «ለፋብሪካው ይመለሳል» አላት። ባዶ ማዳበሪያ ናፍቆት የሚያስመልስ ፋብሪካ ምን ዓይነት እንደሆነ ሁለቱም ሲያወሩበት ሰነበቱ።

አቶ ኃይለ ኢየሱስ ሼዱን ከመክፈታቸው በፊት የያዙት የከተማውን የእግር ኳስ ቡድን ነበር።

ቡድኑ ቀድሞ «ጓሳ» ይባል ነበር። የማንም አልነበረም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ የእኔ ይለው ነበር። ዕድሩ ለመጓጓዣ ያዋጣል። ማልያ ሲያልቅ ከየሰፈሩ ጠቦት ተሰጥቶ ገበያ ይወጣል። ከጨዋታ በፊት ተረኛዋ እናት በሶ በውኃና በጨው አሽታ ታመጣለች፤ ተጫዋቾቹ ተሰልፈው ጭብጧቸውን ከእጇ ይቀበሉና እያላመጡ ሜዳ ይገባሉ። ቡድኑ ሲሸነፍ የሚወቀሰው አጥቂው አልነበረም። «ማን ነበረች የዛሬዋ? ጨው አንሶታል» ይባላል፤ ሴትየዋም ሳምንቱን አንገቷን ደፍታ ትሰነብታለች።

ከሚሌኒየሙ በዓል በሦስተኛው ዓመት አቶ ኃይለ ኢየሱስ መጡ። ትውልዴ ግሼ፣ ራቤል ነው ይላሉ። የራቤል ሰዎች ሲጠየቁ «ሊሆን ይችላል» ብለው ዝም ይላሉ። በከተማው ስብሰባ ላይ ልማታዊ ባለሀብት ተብለው ተጨበጨበላቸው። አውቶቡስ አመጡ፣ ማልያ አመጡ። አረንጓዴው ማልያ ብጫ ሆነ፤ ደረቱ ላይ ፓኬቱ ታተመበት። ከዚያ «ጓሳ» የሚለው ስም ቀረና ቡድኑ «ቆፍጣና» ተባለ። መቼ እንደተባለ፣ ማን እንደተስማማ በትክክል የሚያውቅ አልተገኘም። የእናቶቹም ተራ ቀረ። በጭብጦው ፋንታ የፓኬቱ በሶ በሃይላንድ ጠርሙስ ተበጥብጦ ለተጫዋቾቹ ይታደላል፤ ጽሑፉን ወደ ሕዝቡ አዙረው ሜዳው ዳር ቆመው ይጠጣሉ።

ጋሼ ምንይሉ ለጓሳ ሁለት ጊዜ ጠቦት የሰጡ ሽማግሌ ናቸው። እሑድ እሑድ ወጣቶቹ በዲኤስቲቪ ቤት ተሰብስበው የሚደግፉትን የእንግሊዝ ቡድን ባለቤት ሲራገሙ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ። «ቡድናችንን ሱቅ አደረገው!» ይላል አንዱ። «ለደጋፊው ደንታ የለውም!» ይላል ሌላው።

«የእንግሊዙን ተዉትና የራሳችሁን ጠይቁ» ይሏቸዋል ጋሼ ምንይሉ። «ይኼኛው ቢያንስ በአማርኛ ይመልስላችኋል።»

የጠየቀ ግን አልነበረም።

ሐሙስ ቀትር ላይ የእፀገነት ታናሽ ወንድም ዳኜ ወደ ሼዱ መጣ። ከወላጆቻቸው ቤት ከገጠር ወጥተው ሁለቱ በከተማው አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። እሱ የደብሩ ዲያቆን ነው፤ ለቡድኑ ደግሞ በረኛ ነው። ያን ሳምንት ሰሞነኛ ስለነበረ፣ የሳምንቱ የቅዳሴ ተራ የእሱ ስለነበረ፣ የሚያድረው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ አጥሩ ጋ ቆመ። እፀገነት እጇን እያራገፈች ወጣች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አትቆጪኝ።»

«እንዲህ ከጀመርክማ መቆጣቴ ነው።»

«ያ በሶ ጾም ነው?»

«ላዩ ላይ ተጽፏል አይደል?»

«የጻፈውን አላውቀውም። አንቺን ነው የማውቀው።»

እፀገነት ወደ ሼዱ ዞር ብላ አየች። በዕውቀቱ በር ላይ የለም።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ያለፈው ቅዳሜ ጠርሙሱን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ሳልውጥ መለስኩት። በዕውቀቱ አየኝ። አሰልጣኝ ስንታየሁ ትናንት ጠርቶኝ ‹ቅዳሜ ያልጠጣ አይሰለፍም ተብሏል፤ ወንድሜ፣ እኔም ደመወዝተኛ ነኝ› አለኝ። ሌላ በረኛ አምጥተዋል። የሰውዬው የእህት ልጅ ነው ይላሉ።»

«ታዲያ ጠጣዋ» አለችው ሳታስበው።

«እትዬ! እሑድ ደብረ ዘይት ነው። ቅዳሜ ወተት ጠጥቼ እሑድ መቅደስ ልግባ?»

«ወተት ነው ያለህ ማነው?»

«ልጆቹ ከጠጡ በኋላ አፋቸው ጥጃ ጥጃ ይላል።»

«ጥጃ ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

«ገጠር ነው ያደግነው፣ ረሳሽው?»

ሳትወድ ፈገግ አለች። «አባ መርስዔ ኃዘንን ጠይቃቸዋ።»

«ጠየቅኋቸው። ‹እኔ ነፍስ እንጂ በሶ አልመረምርም፤ የተጠራጠርከውን ተወው› አሉኝ። ብተወው ቦታዬ ይሄዳል። ከዓለም ከተማ ቡድን ጋር የምንጫወተውን ያሸነፈ ነው ለዞኑ ውድድር የሚያልፈው። ከልጅነቴ ጀምሮ ይቺን ጨዋታ ስጠብቅ ነው የኖርኩት፤ አንቺ ታውቂያለሽ።» ነጠላውን ከትከሻው ላይ አስተካከለ። «ጾም ነው በይኝ፤ እጠጣዋለሁ። ፍስክ ነው በይኝ፤ እተወዋለሁ። ሌላ ሰው አልጠይቅም።»

ሄደ። እፀገነት አጥሩን ይዛ ትንሽ ቆየች። አንድ ቃል ነበር የፈለገው። ቃሏን ብትሰጠው ይጠጣል፣ ይሰለፋል፣ እሷም ሥራዋ አይነካም። እሑድ ጠዋት መቅደስ የሚገባው ግን በእሷ ቃል ነው።

ገብታ በዕውቀቱን አገኘችው። ሳንቃው ጋ ቆሞ ቁልፍ ይቆልፋል።

«በዕውቀቱ፣ ነጩ ማዳበሪያ ምንድን ነው?»

«ማጣፈጫ።»

«ከምን የተሠራ?»

«ከፋብሪካ።»

«ፋብሪካውስ ከምን ይሠራዋል?»

ቀና ብሎ አያት። «አንቺ እዚህ የተቀጠርሽው አፍ ለመዝጋት ነው። የላስቲኩን ስትጨርሺ የራስሽን ጨምሪበት።»

በማግስቱ ዓርብ አቶ ኃይለ ኢየሱስ ራሳቸው መጡ። ለቅዳሜው ጨዋታ ከደብረ ብርሃን ባለሱቆች ጋብዘዋል፤ ብዙ ፓኬት ይፈለጋል። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በተደረደሩት ፓኬቶች መካከል ተመላለሱ፤ አንዱን አንስተው ጫን አደረጉ። «ጥሩ እጅ ነው» አሉ።

እፀገነት ተነሥታ ቆመች። ቀስ ብላ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ነገር እውነት ጾም ነው?» አለቻቸው።

አቶ ኃይለ ኢየሱስ አልተቆጡም። ፈገግ አሉ። «ማን ነበር ስምሽ?»

«እፀገነት።»

«የማን ልጅ?»

ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፓኬቱን እጇ ላይ አስቀመጡላት። «ማንበብ ትችያለሽ አይደል? እንግዲያው አንብቢው» ብለው ወጡ። በዕውቀቱ ተከትሏቸው ወጣ።

«ስምሽን የጠየቀ አለቃ» አለች ኮከቤ፣ «ወይ ይሾምሻል ወይ ያባርርሻል። መልክሽን ሳየው የሚሾምሽ አይመስለኝም።»

«ተይ ቀልድሽን።»

«እሺ፣ ቁም ነገር። ድመቷ ትፍረደን።» የሼዷ ድመት አይጥ እንድትጠብቅ የመጣች ከሲታ ነበረች። ኮከቤ ከጣሳው ቆንጥራ በክዳን ላይ አስቀመጠችላት። ድመቷ አሸተተችና ላሰችው።

«ይኸውልሽ! ወተት ነው!»

እፀገነት ከቋጠሮዋ የራሷን በሶ፣ ለዘጠኝ ሰዓት ያመጣችውን፣ ቆንጥራ ሰጠቻት። ድመቷ ያንንም ላሰች፤ ክዳኑንም ላሰች።

«ይቺ ርቧታል» አለች ኮከቤ። «ርቦት የሚፈርድ ዳኛ አይሆንም።»

ውጭ የመኪና በር ተዘጋ። በዕውቀቱ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብሎ ሲያወራ ይታያል። የሳንቃው በር አልተቆለፈም። እፀገነት ኮከቤን አየቻት፤ ኮከቤ ወደ ጣሳዋ አጎነበሰች። «እኔ ምንም አላየሁም» አለች።

ግርዶሹ ጀርባ ጨለም ያለ ነበር። የነጩ ማዳበሪያ አፍ ተፈቷል። እጇን ከተተች። ዱቄቱ ከበሶ የላመ ነው፤ በጣቶቿ መካከል ሲታሽ ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር አለው፤ ወደ ብጫ ይወስደዋል። አሸተተችው። ያው ሽታ ነው። ሽታ ግን ሽታ ነው፤ ዳኜ የጠየቃት የሸተታትን አይደለም። የቀረው አንድ መንገድ ብቻ መሆኑን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ጾም ከሆነ ሰዓት ሳይደርስ መቅመሷ ነው። ፍስክ ከሆነ፣ ፍስክ መሆኑን የምታውቀው ሁዳዴዋን ገድፋ ነው። ሳይገድፉ ማወቅ የለም።

ጣቷን ወደ ምላሷ አደረሰች።

መጀመሪያ ጣፈጣት። ቀጥሎ ለሰለሰ፤ ከዚያ ላንቃዋ ላይ ተለጠፈና አልላቀቅ አለ። ታውቀዋለች። ሕፃን ሳለች ክሊኒኩ በር ላይ ተሰልፈው በኩባያ የሚሰፈርላቸው የእርዳታ ዱቄት ወተት ነበር። ውኃ ሳይነካው እየላሱት ወደ ቤት ይሮጡ ነበር፤ እንዲሁ ነበር ላንቃ ላይ የሚለጠፈው። ተፋችው፤ በነጠላዋ ጫፍ ምላሷን ጠረገች። የወረደው ግን ወርዷል።

ስትመለስ ኮከቤ ከጣሳዋ ቀና አላለችም። እፀገነትም ቋጠሮዋን ፈትታ የራሷን በሶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልበላችም።

ከቅዳሴ በኋላ ዳኜን በቤተ ክርስቲያኑ በር አገኘችው። እንደ ወትሮው ወደ ውስጥ አልዘለቀችም፤ ከበሩ ውጭ ቆማ አስጠራችው።

«ፍስክ ነው» አለችው።

«በምን አወቅሽ?»

«አውቄያለሁ አልኩህ።»

ፊቷን አየ፣ የቆመችበትን ቦታ አየ፤ ከበሩ ውጭ ለምን እንደቆመች የገባው መሰላት። «እሺ እትዬ» ብሎ ተመለሰ።

ቅዳሜ ሜዳው ዙሪያውን ሞላ። የዓለም ከተማ ተጫዋቾች በዚያ መንገድ ተንገላትተው ደርሰዋል፤ ከቆላቸው ወጥተው የመንዝ ነፋስ ሲቀበላቸው በጋቢያቸው ተጀቡነው አውቶቡሳቸው ጥግ ቆሙ። «በርኖስ እናውሳችሁ?» ይሏቸዋል ልጆቹ። «በሶ እንዳታውሱን እንጂ!» ብለው መለሱ። የከተማው ሰው ራሱ ሳቀ።

አቶ ኃይለ ኢየሱስ ከባለሱቆቹ ጋር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ብጫ የለበሱት ተጫዋቾች ተሰልፈው ጠርሙስ ተሰጣቸው። እፀገነት ከኮከቤ ጋር ከጉብታው ላይ ታያለች። ሌሎቹ ጠርሙሳቸውን ሲያነሡ ዳኜ ጎንበስ ብሎ የእሱን ሣሩ ላይ አቆመው።

«አንሣው» አለ በዕውቀቱ።

«አልጠጣም።»

«ለምን?»

«ፍስክ ነው።»

ጮክ ብሎ አልነበረም የተናገረው። ቢሆንም ከአጠገቡ ያለው ለቀጣዩ፣ ቀጣዩ ለሌላው አቀበለው፤ ቃሉ ሜዳውን ዞሮ ጉብታው ላይ ሲደርስ አቶ ኃይለ ኢየሱስ ገና ከወንበራቸው እየተነሡ ነበር።

«ማነው ያለው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዳኜ።

«በምን አወቅህ?»

ዳኜ መሬት መሬቱን አየ። እህቱን አይጠራም። ከሕዝቡ መካከል አንዱ፣ «የዓለም ከተማን አጥቂ ፈርቶ ነው!» አለ። ጥቂቶች ሳቁ።

«ልጁ ዲያቆን ነው፣ አይዋሽም» አሉ ጋሼ ምንይሉ።

«ዲያቆን ስለሆነ የበሶ ሊቅ ነው ጋሼ?»

አቶ ኃይለ ኢየሱስ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ወገኖቼ፣ ጥርጣሬ ልማት አያመጣም! የሰው ሥራ በወሬ አይጠፋም። ማስረጃ ያለው ይምጣ፤ ማስረጃ የሌለው ስም ማጥፋት ሕግ እንዳለው ይወቅ።» ወደ አሰልጣኙ ዞሩ። «ስንታየሁ፣ ያንን ልጅ አስወጣና ሌላውን አስገባ።»

ስንታየሁ ወደ ዳኜ ሁለት እርምጃ ያህል ሄዶ ቆመ።

እፀገነት ከጉብታው ወረደች። ኮከቤ ነጠላዋን ያዘቻት፤ ነጠላው ኮከቤ እጅ ላይ ቀረ። ሕዝቡ ሲከፈትላት ወደ ኋላ የምትመለስበት መንገድ የተዘጋ መሰላት።

«እኔ ነኝ የነገርኩት» አለች።

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

«አሻጊዋ። ትናንት ስሜን ጠይቀውኛል።»

«እና በምን አወቅሽ?»

«ቀምሼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ትናንት። ዓርብ። ከነጩ ማዳበሪያ። የዱቄት ወተት ነው።»

መንዝ ውስጥ ሰው ስለ ድንበር ይዋሻል፣ ስለ በግ ዕድሜ ይዋሻል፣ ሲቸግረውም ይምላል። በሁዳዴ ዓርብ ወተት ቀመስኩ ብላ፣ ለጨዋታው የመጡ ካህናት ቆመው፣ ጎረቤቶቿ እየሰሙ፣ በራሷ ላይ በሐሰት የምትመሰክር ሴት ግን እስካሁን አልታየችም። ማስረጃው ምን እንደሆነ ሁሉም ገባው። ጋሼ ምንይሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ያን ጊዜ አቶ ኃይለ ኢየሱስ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። ከባለሱቆቹ ፊት አንድ ፓኬት አንሥተው በጥርሳቸው ቀደዱት፤ ዱቄቱን በመዳፋቸው አፍሰው ቃሙት። ከንፈራቸውና የካፖርታቸው ደረት ነጣ። «ይኸው!» አሉ፣ ዱቄቱ እያነቃቸው። «እኔም ክርስቲያን ነኝ! ይኸው በላሁ!»

«እሱ ድሮስ መቼ ጾሞ ያውቃል?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«ባያውቅ ነው እንጂ፤ አውቆማ በሰው ፊት አይበላም» አለ ሌላ።

ይህ ክርክር እስካሁን አላለቀም። እኩሉ ሰውዬው ራሱ ተታሏል ይላል። እኩሉ ደግሞ ያን ያህል የሚያስመስል ሰው ሌላ ምን እንደሸጠልን እግዜር ይወቀው ይላል።

ተጫዋቾቹ ጠርሙሳቸውን ሣሩ ላይ ደፉ። አንዱ ተከላካይ ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ የጠጣውን ሁሉ ሊያወጣ ጣቱን ጉሮሮው ከትቶ ጎንበስ አለ፤ ጓደኛው ጀርባውን ይመታለታል። ስንታየሁ ወደ ባለቤቱ ሳይሆን ወደ ዳኜ ሄደና፣ «ጓንትህን አጥልቅ» አለው።

«ቡድኑ የእኔ ነው!» አሉ አቶ ኃይለ ኢየሱስ። እውነታቸውን ነበር። ለውድድሩ የተመዘገበው በእሳቸው ድርጅት ስም ነው። ዳኛውን ጠርተው ቡድናቸውን ከጨዋታ ማውጣታቸውን ነገሩት። ማልያው እንዲወልቅ አዘዙ፤ ልጆቹ በዚያ ነፋስ እያወለቁ ከወንበሩ አጠገብ ወረወሩት። በዕውቀቱና ሹፌሩ የጎሎቹን መረብ ፈትተው አውቶቡሱ ላይ ጫኑ። ዓለም ከተማ በፎርፌ አለፈ።

የዓለም ከተማ አምበል ግን አልሄደም። «ያን ሁሉ አቧራ የጠጣነው ለፎርፌ አይደለም» አለ። «ለወዳጅነት እንጫወት፤ ያውላችሁ ኳሱ።» የመሐል ሜዳ ልጆች በየራሳቸው ሹራብና ካናቴራ ገቡ። ዳኜ መረብ በሌለው ጎል ቆመ። አንድ ለባዶ ተሸነፉ፤ ኳሷ በእግሮቹ መካከል አልፋ የገብስ ማሳ ውስጥ ገባች፤ ለመፈለግ ጥቂት ጊዜ ወሰደ። ዳኜ ወደ ዞኑ ውድድር አልሄደም፤ በዚያ ዓመትም ከዚያ በኋላም።

እሑድ ደብረ ዘይት ቀደሰ። እፀገነት ከቅጥሩ ውጭ፣ ከጽዱ ሥር ቆማ ድምፁን ሰማች። ከአጠገቧ የሚያልፉ ሴቶች አንዳንዶቹ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሏታል፤ አንዳንዶቹ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከመስከረም ጀምራ ስታሽገው አታውቅም ነበር እንዴ?» ይላሉ። ሁለቱንም ሰማች።

አባ መርስዔ ኃዘን ንስሐዋን መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀበሏት።

«ለምን ቀመስሽው?»

«ለማወቅ አባ።»

«ሔዋንም ያለችው ይህንኑ ነው።» ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ «እሷ ግን ቀምሳ ለባሏ አበላች። አንቺ ቀምሰሽ ወንድምሽን ከለከልሽ። ስግደቱን አቀልልሻለሁ፤ ግን አይቀርም» አሏት።

ሼዱ ተዘጋ። ኮከቤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አኮረፈቻት። «እውነቱን ነው የተናገርሽው፤ እኔ ግን እውነቱን ምን ቀብቼ ልብላው?» አለቻት፤ ከዚያ ራሷ መጥታ ታረቀቻት። በከተማው ጥርጣሬው አልበረደም። ሰው በብርድ የሚረጋውን የሱቅ ዘይት ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ ወደ ፀሐይ እያነሣ ያየዋል። በርበሬ የሚገዛ በውኃ በጥብጦ ያዘቅጠዋል። የገዛ ጎረቤቱ በሶ ሲያቀርብለት «ማን ፈጨው?» የሚል ሰው ተገኘ፤ ተጣሉም። ቡድኑ እንደገና ጓሳ ተባለ። ማልያ የለውም፣ ምዝገባ የለውም፤ በመጪው ዓመት ከታች ይጀምራል።

ስንታየሁ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አይጥ የበላው አሮጌ መረብ አገኘና ማን እንደሚጠግነው ሲጠይቅ ዳኜ ወደ ቤት ይዞት መጣ። እፀገነት በሩ ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ ጭኗ ላይ ዘርግታ ቀዳዳውን በቃጫ ገመድ እያገናኘች ዋለች። ዳኜ አንዱን ጫፍ ወጥሮ ይይዝላታል።

«ያቺ ቀዳዳ ኳስ ታሳልፋለች?» አላት።

«አታሳልፍም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ራስህ እየው።»

ጡጫውን ሊያሳልፍ ሞከረ፤ አላለፈም። እሷ የመጨረሻውን ቋጠሮ ሳበች፣ የተረፈውን ገመድ በጥርሷ ቆረጠች፣ መረቡን አራት ላይ አጥፋ ከበሩ ጀርባ አኖረችው።